አፕዴት አታድርጊ ያለችኝ ጓደኛዬ

ላፕቶፑን የገዛሁት ቢቸና ማስተማር በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት ነው። ከሰው እጅ የተገዛ አሮጌ ነበር፤ ክዳኑ ላይ የነበረው ተለጣፊ ተልጦ ሙጫው ብቻ ቀርቷል። ያም ሆኖ የራሴ ነው ብዬ ወደድኩት። ስለ ኮምፒውተር ብዙም ስለማላውቅ በመጀመሪያው ቅዳሜ ሻንጣ ውስጥ ከትቼ ወደ ሞጣ ይዤው ሄድኩ። ሞጣ የትውልድ ከተማዬ ናት፤ ጓደኛዬም ያለችው እዚያ ነው።

እናቶቻችን አንድ ግቢ ተከራይተው ነው ያሳደጉን። አንዷ ከታመመች የሌላዋ እናት ናት የምታጎርሳት። እኔ ዩኒቨርሲቲ ስገባ እሷ ውጤት አልመጣላትም። ኮምፒውተር ተማረችና መናኸሪያው አጠገብ የጽሕፈትና የኢንተርኔት ቤት ከፈተች። የከተማው ሰው ማመልከቻ የሚያስጽፈው፣ ፎቶ የሚያሳጥበው፣ ውጤት የሚያሳየው እሷ ዘንድ ነው።

ያን ቀን ደንበኞቿን እያስጠበቀች ከሰዓቱን ሙሉ ላፕቶፔን ስትጠግን ዋለች። ሲያልቅ ብራውዘሩን ከፍታ አሳየችኝ። ከላይ ጥጉ ላይ የአደይ አበባ ሥዕል ያለባት ትንሽ ክብ ነገር አየሁ።

«ይቺ ምንድን ናት?» አልኳት።

«ጌጥ ናት። እንዲያምርልሽ ብዬ ነው» አለችና ሳቀች። «አንድ ነገር ብቻ ልምከርሽ። አፕዴት አድርጊ እያለ ይነዘንዝሻል። እሺ እንዳትይው! ዳታሽን ይበላዋል፤ ማሽኑም አሮጌ ነው፣ ስታክ ያደርግብሻል። ‹በኋላ› በይውና እለፊው።»

እኔም እንዳለችኝ ‹በኋላ› እያልኩ አለፍኩት። ኔት ተቋርጦ የቆየበት ዘመን አልፎ ሲመለስ ደግሞ መልእክቱ በየቀኑ ይመጣ ጀመር። አንድ ጊዜ ግራ ገብቶኝ ደወልኩላት። «ኧረ እንዳትነኪው!» አለችኝ፤ ድምጿ የሆነ ጥድፊያ ነበረበት። የሚያስብልኝ ሰው ድምፅ መስሎኝ ደስ አለኝ።

በዚያው ሰሞን የእኔና የባለቤቴ ትዳር ሦስት ዓመት አለፈው፤ ልጅ ግን አልመጣም። ባለቤቴ የግብርና ባለሙያ ነው፤ ሳምንቱን ቀበሌ ለቀበሌ ሲዞር ነው የሚከርመው። ስለ ልጅ አንድም ቀን ክፉ ቃል ተናግሮኝ አያውቅም። እኔ ግን ውስጤ ያውቀው ነበር። ለሥልጠና ባህር ዳር በሄድኩ ጊዜ ብቻዬን ሐኪም ዘንድ ገባሁ። ሐኪሟ ሆዴን በመሣሪያ አይታ፣ «ማህፀንሽ ውስጥ እጢ አለ። ክፉው ዓይነት አይደለም፤ ግን መውጣት አለበት» አለችኝና ቀጠሮ ሰጠችኝ።

ለባለቤቴ እንዴት እንደምነግረው ቃል አጣሁ። ቃል እስካገኝ ድረስ ብዬ ከሥራ መልስ ላፕቶፑን እየከፈትኩ እጠይቀው ጀመር። እጢ ምንድን ነው? ያደረባት ሴት ትወልዳለች? ከኦፕሬሽን በኋላስ? ለእናቴ አልነገርኩም፤ ለጓደኛዬም አልነገርኩም። በዓለም ላይ የሚያውቅልኝ ያ ማሽን ብቻ ነው ብዬ አምን ነበር።

ለፋሲካ ሞጣ አማቴ ቤት ሄድን። ምሳ እየበላን ሳለ አማቴ ከጓዳ አንድ ጀሪካን ጸበል ይዘው ወጡና ፊቴ አስቀመጡት።

«እንቺ ልጄ። ለእጢው ነው። ቢላ ሳይነካሽ በፊት ሱባዔ ገብተሽ ጠጪው።»

ባለቤቴ ጉርሻውን በእጁ እንደያዘ ቀረ። «የምን እጢ?» አለ።

አማቴ እኔን አዩ፣ እሱን አዩ። «አልነገረችህም እንዴ?»

ወደ ቢቸና ስንመለስ ሚኒባሱ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጥን። ደብረ ወርቅን ካለፍን በኋላ ፊቱን ወደ መስኮቱ እንዳዞረ፣ «የሚስቴን ሕመም ከእናቴ አፍ ልስማው?» አለኝ። ቁጣ ቢሆን ይቀለኝ ነበር። ያዘነ ሰው ድምፅ ነው የሰማሁት።

በማግስቱ ለጓደኛዬ ደውዬ አለቀስኩ። ሁሉንም ያኔ ነገርኳት። አብራኝ አለቀሰች።

«ወይኔ እኅቴን! ይሄን ሁሉ ብቻሽን ተሸክመሽ?» አለች። «ግን ማን ነገራቸው?»

«እኔ እንጃ። ከሐኪሟ በቀር የሚያውቅ ሰው የለም።»

«እዚያ ሐኪም ቤት የሞጣ ልጅ አይጠፋም» አለች ቀስ ብላ። «ወሬ ደግሞ እግር አለው። እኔ ብሆን ሁለተኛ አልረግጠውም።»

እኔም አልረገጥኩትም። ቀጠሮው አለፈ። ደውለው ቢፈልጉኝ አላነሳሁም፤ ጉዴን የዘሩት እነሱ ናቸው ብዬ ተቀይሜ ነበር። በወራት ውስጥ የወር አበባዬ የሚያሠጋ ሆነ። ደም አነሰኝና ክፍል ውስጥ ጥቁር ሰሌዳውን ተደግፌ ማስተማር ጀመርኩ። ባለቤቴ ያያል፤ እንዳይጠይቀኝ ደግሞ አኩርፎኛል።

ነገሩ የወጣው በተማሪዎች ምዝገባ ምክንያት ነው። ክፍል ኃላፊ ስለነበርኩ የልጆቼን መረጃ በኢንተርኔት ማስገባት ነበረብኝ፤ ገጹ ግን አልከፍትም አለኝ። ከደቡብ ተመድቦ የመጣ የአይሲቲ መምህር ነበረን፤ ወስጄ አሳየሁት።

«ቲቸር፣ ብራውዘርሽ እኮ አርጅቷል» አለኝ። «ለምን አፕዴት አታደርጊውም?»

«ዳታ ይበላል ተብዬ ነው።»

«ትንሽ ይበላል። ግን ቀዳዳው የሚደፈነው በሱ ነው። ጣራሽ ሲያፈስ ቆርቆሮ ተወዷል ብለሽ ትተይዋለሽ?»

በትምህርት ቤቱ ኔት አፕዴት አደረገው። ብዙም አልፈጀ። ብራውዘሩ ተዘግቶ ሲከፈት ግን አንድ ጥያቄ ይዞ መጣ፤ በዚህ አካውንት መቀጠል ትፈልጊያለሽ ይላል። አደይ አበባዋ መሀል ላይ ጎልታ ወጥታለች። ከሥሯ ያለው ኢሜይል የጓደኛዬ ነው።

መምህሩ ግንባሩን ቋጠረ። «ይሄ ያንቺ አይደለም?»

«የጓደኛዬ ነው። ጌጥ ነው ብላኝ ነበር።»

አንድ ሁለት ቦታ ነካ ነካ አደረገ። አካውንቱ የተከፈተባቸው ማሽኖች ታዩ፤ አንዱ የኔ ላፕቶፕ፣ ሌላው የሞጣው ጽሕፈት ቤት ኮምፒውተር። «አንቺ እዚህ የጠየቅሽው፣ የከፈትሽው፣ ያስቀመጥሽው ፓስወርድ ሁሉ እዚያም ይታያል። እዚያ የሚጠየቀውም እዚህ ይመጣል» አለኝና ሂስትሪውን ከፈተው። የመጀመሪያዎቹን መስመሮች እንዳየ ወንበሩን ወደ እኔ ገፍቶ ተነሣ። «አንቺ እዪው። እኔ ውጭ ነኝ» አለ። ለዚያች ጨዋነቱ እስከ ዛሬ አመሰግነዋለሁ።

ጥያቄዎቼ በሙሉ አሉ። እኔ ያልጠየቅኳቸው ደግሞ በመሀላቸው ተሰግስገዋል። «የማህፀን እጢ በጸበል ይድናል ወይ» ይላል፤ ከፋሲካ በፊት ነው። ዝቅ ስል፣ እኔ ስለ አፕዴቱ በደወልኩላት ቀን የተጻፈ አገኘሁ። «ብራውዘር አፕዴት ሲደረግ የማን አካውንት እንደሆነ ይታወቃል ወይ» ይላል።

ያችን መስመር ደጋግሜ አነበብኳት። ሌላው ሁሉ ስህተት ነው ሊባል ይችል ይሆናል። ይቺ ግን አትባልም። ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል የሚሉት እኔን ነው ለካ።

መምህሩ ተመለሰ። የእሷን አካውንት አስወጣልኝ፤ የራሴን አስከፈተኝ፤ ፓስወርዶቼን አንድ በአንድ አስቀየረኝ። «ከእንግዲህ ሌላ ሰው ከፍቶ አይስጥሽ፤ ቢያስቸግርሽም ራስሽ ክፈቺው» አለኝ።

ቅዳሜ ሞጣ ሄድኩ። ስታየኝ እንደ ወትሮዋ ልታቅፈኝ ተነሣች፤ እኔ ግን በሩ ላይ ቆምኩ።

«አደይ አበባዋን አወጣኋት» አልኳት።

ፊቷ ዓመድ መሰለ። ደንበኞቹን «ቆይታችሁ ተመለሱ» ብላ አስወጣችና ተቀመጠች።

«በእግዜር ስም፣ መጀመሪያ ሆን ብዬ አይደለም» አለች። «ኢሜይል ስላልነበረሽ ነው በኔ የከፈትኩልሽ። አንድ ቀን ያንቺ ነገር እኔ ማሽን ላይ ወጣ። ከዚያ በኋላ ማየቱን መተው አቃተኝ።»

«ለአማቴስ ለምን ነገርሽ?»

«ትነግሪኛለሽ ብዬ ስጠብቅ ስጠብቅ ዝም አልሽኝ። አብረን አድገን፣ ለማሽን ነግረሽ ለእኔ ደበቅሽኝ! ቢያንስ ጸበል ያምጡላት ብዬ ነው።»

ይሄን ስትል የምሯን ተቀይማኝ ነበር። ለአንድ አፍታ ጥፋተኛዋ እኔ መሰልኩ። ከዚያ ግን ያመለጠኝን ቀጠሮ አስታወስኩ።

«ሐኪሟንስ ለምን አስጠረጠርሽኝ? እየደማሁ ቤቴ እንድቀመጥ ያደረግሽኝስ?»

ጠረጴዛው ላይ ያለውን ስቴፕለር አንስታ አስቀመጠች፤ መልሳ አነሳች። አንድ ጊዜ «ይቅር በይኝ» ብትል ምን እንደማደርግ አላውቅም። አላለችም። እኔም ወጣሁ።

ማታውን ለባለቤቴ ሁሉንም ነገርኩት፤ ከሐኪሟ ጀምሬ። ላፕቶፑን ከፍቼ ማሽኑ ላይ የቀረውን ሂስትሪ አሳየሁት። ጥያቄዎቼን ለብቻው ሲያነብ ቆየና እንባው መጣ። «ይህን ሁሉ ስትጠይቂ እኔ እኮ እዚሁ ነበርኩ» አለኝ። በሳምንቱ ፈቃድ ወስዶ ባህር ዳር ይዞኝ ሄደ። ሐኪሟ አላኮረፈችኝም፤ «ዘግይተሻል፤ እጢው አድጓል። ቢሆንም እናወጣዋለን» ብቻ አለችኝ። ይቅርታ ልጠይቃት አፌን ከፍቼ ምኑን እንደምጀምር ጠፍቶኝ ተውኩት። ኦፕሬሽኑ በሰላም አለቀ። ልጅን በተመለከተ የቆየሁባቸው ወራት ጎድተውኝ እንደሆነ እርግጡን የሚነግረኝ ሰው የለም፤ እስካሁን እየጠበቅን ነው።

ባለፈው ክረምት የዚያች ጓደኛዬ እናት አረፉ። እኔን ያጎረሱኝ ሴት ናቸውና ለቅሶው አልቀረሁም። ድንኳን ውስጥ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ተቀምጣ አገኘኋት። አጠገቧ ቁጭ አልኩና ስለ እናቷ አለቀስኩ፤ ከልቤ ነው ያለቀስኩት። ስነሣ እጄን ይዛ፣ «እንዴት ነሽ? ጤናሽስ?» አለችኝ።

«ደህና ነኝ። እግዚአብሔር ያጽናሽ» አልኳትና እጄን ቀስ ብዬ አወጣሁ።