መስኮቴና ባናው

ጤና ኤክስቴንሽን ሆኜ ከመሐል ሜዳ ከተማ ወጣ ያለ ብርዳም ቀበሌ የተመደብኩ ጊዜ፣ «መስኮት ክፈቱ፣ ጭሱ ይውጣ!» እያልኩ ቤት ለቤት እጨቀጭቅ ነበር። በዚያ ብርድ ማን ይስማኝ? እኔም እበሳጫለሁ።

አንድ ሰሞን ሳል ጣለኝ። የማስተምራቸው እናቶች ጦስኝ አፍልተው፣ እየተሳሳቁ ወደ ኪራይ ቤቴ መጡ። እንክብሌን መዋጤን ጠየቁና ጦስኙን ትኩሱን አጠጡኝ። ክፍሏ ጨለማ ናት፤ የከሰሉ ጭስ ታፍኖባታል። በዕድሜ ትልቋ እናት ዙሪያውን ቃኙ። ከዚያ ብርዱን ፈርቼ መስኮቴ ላይ የወተፍኩትን የሱፍ ባና ጎትተው አወጡት። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ፤ እኔ የምገባበት ጠፋኝ።

እሳቸው ግን መስኮቱን ወለል አድርገው ከፈቱና ባናውን ትከሻዬ ላይ ደረቡልኝ።

«የኔ ልጅ፣ የበረደው አንቺን ነው ወይስ መስኮቱን?»