የተዘጋው ዝርዝርና ያልተጻፈው ሰው

ወገኖቼ፥ የጌታ ሰላም ይብዛላችሁ። እኔ ከኋላ ወንበር ተቀምጬ፥ ዘምሬ፥ ዝም ብዬ የምሄድ ሰው እንደ ሆንኩ ታውቃላችሁ። ዛሬ ግን ጌታ ያደረገልኝን፥ እኔም ያደረግሁትን፥ ከሁለቱም ሳልቀንስ ልናገር ተነሥቻለሁ። ሰው ፊት ስቆም አንደበቴ ስለሚያዝ ጽፌ አምጥቻለሁ፤ ሳነብ ታገሡኝ። የሚጣፍጠውን ብቻ መርጦ የሚናገር ሰው ምስክር አይባልም። ስለዚህ መራራውንም ትሰሙኛላችሁ።

ትምህርት የጀመርኩት በሃያ ዓመቴ ነው። አንደኛ ክፍል ስገባ ጉልበቴ ከዴስኩ ሥር አልገባ ብሎ በጎን ነበር የምቀመጠው። ልጆቹ "እማማ" እያሉ ይስቁብኝ ነበር። ያስተማረኝ ታናሽ ወንድሜ ሙሉቀን ነው። እናትና አባታችን ካረፉ በኋላ እሱ ትምህርቱን ከስድስተኛ ክፍል አቋረጠና ሰሊጥ አረም ገባ። "አንች ተማሪ፤ አንዳችን ካወቅን ለሁለታችንም ይበቃል" አለኝ። እኔም ተማርኩ። ስኳር የተጠቀለለበት ጋዜጣ እንኳ ሳላነብ አልጥልም ነበር። በመጨረሻም እዚሁ ገንዳ ውሃ መዝገብ ቤት ተቀጠርኩ።

ወገኖቼ፥ ያን ጊዜ ትዕቢት ገባብኝ። የአያት ስም የጎደለው ማመልከቻ ከመጣ፥ ሰውየው ከሩቅ ቀበሌ በእግሩ የመጣ ቢሆንም፥ እመልሰው ነበር። ማተብ አስሬ፥ ጾሜን ጾሜ እኖራለሁ፤ ነገር ግን እግዚአብሔርን አንድ ቀን እንኳ በራሴ ቃል አናግሬው አላውቅም። እንደ እኔ ያለ የመዝገብ ሹም ይመስለኝ ነበር።

ሙሉቀን በበኩሉ አረቄ ለመደ። አንድ ቀን ሞቅ ብሎት ቢሮ መጣና ባለጉዳዮቹ ፊት "እህቴ! የኔ ምሁር!" ብሎ ተጣራ። እኔ ምን አልኩት? "እዚህ እህት የለህም። ስምህን እስክታስተካክል የእኔን ስም አታንሣ" አልኩት። ሳቀ። "እሺ፥ ጸሐፊዋ" አለና እያፏጨ ወጣ። ሁለት ዓመት አላየሁትም፤ አልፈለግሁትምም።

ከዚያ ያ ክረምት መጣ። ሰሊጡ አረም ላይ ነበር። ለአረምና ለአጨዳ ከደጋ የሚወርዱት ሠራተኞች፥ እኛ ሳሉግ የምንላቸው፥ በየእርሻው ካምፕ ሞልተው ነበር። ከቀትር በኋላ መጀመሪያ ሱዳኖቹ ሀቡብ የሚሉት ቀይ አቧራ በመተማ በኩል ተነሣ። ቀጥሎ ነፋሱ መጣ፤ እንደዚያ ያለ አይቼ አላውቅም። የትምህርት ቤቱን ቆርቆሮ እንደ ወረቀት እያጠፈ ወሰደው። ዛፉን ከነሥሩ ነቀለው። ነፋሱ ጋብ ሲል ዝናቡ ወረደ፤ በጋውን ደርቆ የሚከርመው ወንዝ ሁሉ ሞልቶ ከአፉ ፈሰሰ። የሠራተኞቹ መጠለያ ሣርና ላስቲክ ነው። ምን ይቋቋማል?

በማግስቱ ጠዋት በቤተ ክርስቲያኑ ደወል ተደወለ፤ በመስጊዱም ድምፅ ማጉያ "ጉልበት ያለው በጉልበቱ፥ ትራክተር ያለው በትራክተሩ ይውጣ" ተባለ። ሕዝቡ ወጣ። ባለባጃጆች፥ ተማሪዎች፥ ነርሶች፥ ከደጋ ትናንት የመጣ የቀን ሠራተኛ ሳይቀር ገመድና አካፋ ይዞ ወጣ። ባጃጅ ግን በዚያ ዋልካ ጭቃ ላይ አይሄድም፤ ከከተማ የሚያስወጣው ትራክተር ብቻ ነው፤ ትራክተሩም ጥቂት ነበር። ለፍለጋው የተቋቋመው ኮሚቴ ሰብሳቢ "ምዝገባውን አንቺ ያዥ" አለኝ። የከተማው አዳራሽ በር ላይ ጠረጴዛ አስቀመጥኩና ሦስት መዝገብ ከፈትኩ፤ የሚወጡት በጎ ፈቃደኞች፥ የተገኙት፥ የሚፈለጉት። ደንቡንም ያወጣሁት እኔ ነኝ። "ስሙ ለሌለ ሰው ትራክተር አይወጣም" አልኩ። መዋሸት አልፈልግም፤ በዚያ ዝርዝር ብዙ ሰው ተርፏል። ሁሉም ወደ አንድ እርሻ ከመንጋጋት ድኗል። ሰብሳቢው "አንቺ ባትኖሪ ምን ይውጠን ነበር?" ሲለኝ ደስ አለኝ።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት በወንዙ ዳር ያለውን ካምፕ ዝርዝር ጨረስኩ። የሠራተኞቹ አለቃ፥ ካቦው፥ የሰጠን አርባ አንድ ስም ነው። አርባ አንዱም ተገኝተዋል። ከሥሩ በቀይ እስክሪብቶ ሁለት መስመር አሰመርኩ። ለመጨረሻ ፍተሻ ወደዚያ እየሄደ የነበረው ትራክተር በስልክ ወደ ኮኪት መንደር በኩል እንዲዞር አደረግሁ።

መስመሩ ሳይደርቅ የካምፑ ምግብ አብሳይ እትዬ ጥሩ መጡ። ጎጃሜ ናቸው፤ ቀሚሳቸው እስከ ወገባቸው ጭቃ ነበር።

"አንች ልጅ፥ ከወንዙ ማዶ ሁለት ሰው ቀርቷል" አሉኝ።

"ስማቸው ማን ነው፥ እትዬ?"

"እኔ ምን አውቄ! አንዱን ወሎዬው እንለዋለን፤ ከመጣ ሁለት ቀኑ ነው፥ ካቦው ገና አልጻፈው ይሆናል። አንዱ ዝምተኛ ነው፤ ያፏጫል እንጂ አይናገር።"

"እትዬ፥ ፉጨት አይመዘገብም። አርባ አንድ ነበሩ፥ አርባ አንዱም ወጥተዋል።"

"እኔ እኮ ነኝ የማበላቸው! ነፋሱ ሲነሣ ሁሉም ምሳውን በልቶ ነበር። የማዶዎቹ ሁለቱ ብቻ አልመጡም። ሁለት ሳህን ተርፎኛል፥ ሁለት! ሳህን ይዋሻል?"

"ሳህን ማስረጃ አይሆንም" አልኳቸው።

የተሰለፈው ሰው ሳቀ። አንዱ "ሳህኑን አምጡና ይፈርም!" አለ። እኔም ፈገግ አልኩ። ወገኖቼ፥ ያን ፈገግታዬን ጌታ ይቅር ብሎኛል፤ እኔ ግን እስከ ዛሬ ፊቴ ላይ ይሰማኛል።

ከሰልፉ ውስጥ ኤፍሬም ነበር። ባለባጃጁን ኤፍሬምን፥ ይኸው እዚህ ተቀምጧል፥ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ጠረጴዛዬ ጋ መጣና "እህቴ፥ የሚወጡት መዝገብ ላይ ጻፊኝ። ማንን ፍለጋ የሚለውን ግን ባዶ ተይው" አለኝ።

"ባዶ አልተውም።"

"እንግዲያስ አትጻፊኝ" አለና ገመዱን ትከሻው ላይ ጣለ። "እትዬ ጥሩ፥ መንገዱን ያሳዩኝ።" ሁለቱ በእግራቸው፥ በዚያ ጭቃ፥ ሄዱ።

ቀትር ላይ አንድ ሰው ብርድ ልብስ ተከናንቦ፥ በወባ እየተንቀጠቀጠ መጣ። አስማረ ይባላል። ከነፋሱ በፊት ጀምሮ ጤና ጣቢያ ተኝቶ የነበረ የዚያው ካምፕ ሠራተኛ ነው። "ስሙ ዝርዝር ላይ ያለ ሁሉ ይቅረብ" ስላልን ትናንት መጥቶ ከተገኙት ጋር ተጽፏል።

"እህቴ፥ በስሜ የገባው ልጅ ወጣ?" አለኝ።

"በስምህ የገባው ማለት?"

እንደ ሕፃን ቆጥሮ አየኝ። "ታምሜ ስወጣ ቦታዬን እንዳላጣ ሌላ ሰው በስሜ ገባልኝ። አስማረ ተብሎ ያርማል፤ እኔ ስድን ይለቅልኛል። እንዲህ ነው እኮ የምንሠራው። ካቦውም ያውቃል።"

ወገኖቼ፥ ቆላ ተወልጄ፥ ቆላ አድጌ፥ የእጄ ጽሑፍ ሁሉ የእነርሱ ስም ሆኖ ይህን አላውቅም ነበር። አርባ አንድ ስም ቆጠርኩ እንጂ አርባ አንድ ሰው አልቆጠርኩም።

"የልጁ ስም ማን ነው?" አልኩት።

"ሙሉቀን። ያፏጫል፥ ግራኝ ነው። በራስህ ስም ለምን አትገባም ስለው፥ 'ገንዳ ውሃ እህት አለችኝ፥ ጸሐፊ ናት። የሠራተኛ ዝርዝር በእጇ ያልፋል። ስሜን ሳሉግ ውስጥ ብታየው ታፍራለች' አለኝ።"

ከዚህ በኋላ ያለውን በቅደም ተከተል ለመጻፍ ሦስት ጊዜ ሞክሬ ሦስት ጊዜ ቀድጄዋለሁ። ሰብሳቢው ጋ ሮጥኩ። "ትራክተር!" አልኩ። እሱም ክፋት ሳይኖርበት መዝገቡን ከፈተና "ይሄ ካምፕ ተዘግቷል እኮ። ራስሽ ነሽ የዘጋሽው። ማን ብዬ ከኮኪት ልመልስ? ስሙ የት አለ?" አለኝ። የገዛ ቀይ መስመሬን አሳየኝ። እነሆ ደንቤ፥ በእኔው ላይ ጸና።

ወደ ሐጂ ኢድሪስ ሱቅ ሮጥኩ። ሰሊጥ ነጋዴ ናቸው፤ ሁለቱ ትራክተሮቻቸው እኛ ጋ ተሰማርተው አንዱ ለጥገና ተመልሶ ነበር። ደጃቸው ላይ ጭቃው ውስጥ ተንበረከክሁ። "ሐጂ፥ ስሙ አልተመዘገበም፥ ኮሚቴው አልፈቀደም፥ ግን ወንድሜ ነው።"

"ተነሽ፥ ልጄ" አሉኝ። "ውሃው ስም ጠይቆ ነው የሚወስደው? ወንድምሽ ባይሆንስ ቢሆንስ!" ሾፌሩን ጠርተው ቁልፉን ወረወሩለት።

ትራክተሩ ላይ፥ ከጎማው በላይ ባለው ጭቃ መከላከያ ተቀምጬ ለመጀመሪያ ጊዜ በራሴ ቃል ጸለይኩ። ጥሩ ጸሎት አልነበረም። "ጌታ ሆይ፥ እኔ አልጻፍኩትም። አንተ ጽፈኸው እንደ ሆነ አሳየኝ" ብቻ ነው ያልኩት። እሱኑ እየደጋገምኩ ደረስን።

ኤፍሬምና እትዬ ጥሩ ቀድመውን ደርሰው ነበር። ኤፍሬም ገመዱን ወገቡ ላይ አስሮ ወንዙን ተሻግሮ ነበር። ሙሉቀንን ከግራር ላይ አውርዶ ወዲህ አሻግሮታል። ገላው በእሾህ ተተልትሎ፥ ቀኝ እግሩ አብጦ ጠቁሯል። በሕይወት ነበር። ስሙ ይባረክ! ሃሌ ሉያ፥ በሕይወት ነበር!

አጠገቡ ግን ሌላ ሰው በነጠላ ተሸፍኖ ተጋድሟል። ሙሉቀን በቀበቶው ከራሱ ጋር ዛፉ ላይ አስሮት የነበረው ወሎዬ ነው።

ወንድሜ አየኝና "ጸሐፊዋ" አለ። ከንፈሩ ደም ነበር። "ጠዋት ድረስ ያወራ ነበር። የትራክተር ድምፅ ሰማን። 'መጡልን፥ አይዞህ' አለኝ፤ እሱ ነው እኔን ያጽናናኝ። ከዚያ ድምፁ ዞረ፥ ወደ ኮኪት ዞረ። ከዚያ በኋላ አልተናገረም።"

ወገኖቼ፥ ያዞርኩት እኔ ነኝ።

ሙሉቀንን ጎንደር ወሰድነው። ሐኪሙ "እግሩን ማትረፍ አልችል ይሆናል፤ ሕይወቱንም ቃል አልገባም" አለኝ። አሥራ አንድ ቀን ከአልጋው ሥር ተቀመጥኩ። ኤፍሬምና ከዚህ ጉባኤ የመጡ እህቶች ተራ በተራ እየመጡ ጸለዩለት። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ሐኪሙ ፋሻውን ፈትቶ አየና "ሁለት የእግር ጣት ብቻ ነው የምቆርጠው። እንዴት እንደ ሆነ አላውቅም" አለ። እኔ አውቃለሁ፤ ክብር ለጌታ ይሁን!

እኔ ግን አልዳንኩም። እህል አልወርድ አለኝ። ሁለት ሳህን ይታየኛል። ኤፍሬምን "እግዚአብሔር እኔን ምን ያደርገኛል? ወንድሜ ነው ሲባል ሮጥኩ፤ የሰው ልጅ ነው ሲባል ሳቅሁ" አልኩት። አላባበለኝም። አንዷ በግ ጠፍታበት ፍለጋ ስለ ወጣው እረኛ አነበበልኝ። ሰምቼው የማውቀው ታሪክ ነው። የዚያን ቀን ግን አቋረጥኩትና "እሱም ቆጥሯል!" አልኩ። ባይቆጥር አንዷ መጉደሏን በምን ያውቃል? ቆጠረ፤ ቆጥሮ ግን መዝገቡን አልዘጋም፤ ወጣ። እኔ የምቆጥረው ለመዝጋት ነበር። እሱ የሚቆጥረው ለመውጣት ነው። "ያ እረኛ እኔንም ፍለጋ ወጥቷል?" አልኩት። "ያ ዕለት ጭቃው ውስጥ ማን ያንበረከከሽ ይመስልሻል?" አለኝ። እዚያው፥ የሆስፒታሉ ግቢ ውስጥ፥ ሕይወቴን ለጌታ ሰጠሁ። እንባ እንጂ ደስታ አልነበረም። ደስታ የመጣው ዘግይቶ ነው፤ አንዳንድ ቀን እስከ ዛሬም አይመጣም። ጌታ ግን አንድም ቀን ቀርቶ አያውቅም።

ሙሉቀን አሁን እኔ ቤት ነው። እያነከሰ ይሄዳል። አረቄውን ትቷል፤ ማፏጨቱንም ትቷል፤ ይህ ሁለተኛው ልቤን ይሰብረዋል። ይቅር ብዬሻለሁ አላለኝም፤ እኔም አልጠየቅሁትም። ያቀረብኩለትን ይበላል፤ ለዚያም ጌታን አመሰግናለሁ።

ወሎዬውን ገንዳ ውሃ ቀበርነው። ካህኑም፥ ሐጂም፥ እናንተም ነበራችሁ፤ ክርስቲያን ይሁን እስላም ማንም ስላላወቀ ሁሉም በየራሱ ጸለየለት። መቃብሩ ላይ የተተከለው ጣውላ ባዶ ነው። በዕድሜው ሠላሳ ቢሆነው ነው። የላይኛው የፊት ጥርሱ አንዱ የለም። ዛፉ ላይ ሳሉ ዘንድሮ ትምህርት ቤት የምትገባ ሴት ልጅ እንዳለችው ለሙሉቀን ነግሮታል። ስሟንም ነግሮት ነበር፤ ነፋሱ ጆሮው ሳይደርስ ወሰደው።

ከእናንተ መካከል ከወሎ የመጣችሁ፥ በአጨዳ ጊዜ ከሚወርዱት ጋር የምትውሉ፥ አገር ቤት ስትገቡ ይህን ተናገሩልኝ። ቆላ ወርዶ ያልተመለሰ ባል፥ ያልተመለሰ አባት ያለው ቤት ካገኛችሁ ወደ እኔ ላኩት። የገዛ ዝርዝሬን ወስጄ ከቀይ መስመሩ በታች አርባ ሁለት ብዬ ሙሉቀንን፥ ለወሎዬው አርባ ሦስት ብዬ ቁጥር ብቻ ጽፌያለሁ። ስሙ የሚጻፍበትን ባዶ ትቼዋለሁ።

አንተም ወንድሜ፥ አንቺም እህቴ፥ "ማን ያውቀኛል? ከማን ዝርዝር ላይ አለሁ?" ብላችሁ እዚህ የተቀመጣችሁ፥ እኔን አትመኑ፤ እኔ ዘግቼባችሁ ይሆናል። የሚቆጥረውና የሚወጣው እረኛ ላይ ግን ተደገፉ። እኔ ያልጻፍኩትን ሰው ስሙን እሱ ያውቀዋል። ልጁንም በስሟ ይጠራታል። በዚህ አምናለሁ፤ በዚህ ካላመንኩ ነገ ጠዋት ተነሥቼ እስክሪብቶ መያዝ አልችልም።

ጌታ ይባረክ።