በስክሪን ዳንስ ያስተማረው መልሼ

የሥራ ባልደረባዬ ባል የዳንስ አሰልጣኝ ነበር። እንዲህ ሲባል ዳንስ የሚችል ሰው ይመስላችኋል። አይችልም። በወጣትነቱ አንድ ቴአትር ቤት ተቀጥሮ ይደንስ ነበር፤ ቦታው ግን ከኋላ ረድፍ፣ መጋረጃው ሊውጠው ትንሽ የሚቀረው ጥግ ነው። አንድ ጊዜ ታሞ ቀርቶ በማግስቱ ይቅርታ ለመጠየቅ ኃላፊው ዘንድ ሲገባ፣ ሰውየው ቀና ብሎ «ቀርተህ ነበር እንዴ?» አለው አሉ። ሚስቱ ይህንን ስትነግረኝ አንጀቴን በላው። ዛሬ ቢሆን አንጀቴን መልሱልኝ እላለሁ።

ከቴአትር ቤቱ ሲወጣ ከአንድ የቤት ዕቃ መሸጫ በላይ ያለውን ሰፊ ክፍል ይዞ ስቱዲዮ ከፈተ። ደረጃውን ስትወጡ የቫርኒሽ ሽታ አብሯችሁ ይወጣል። ሌላው አሰልጣኝ መስታወት በሚሰቅልበት ግድግዳ ላይ እሱ ግድግዳውን የሚያክል ስክሪን ሰቀለ፤ ከፊቱ ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ ላይ ካሜራ ተከለ፤ ከጎኑ ኮምፒውተር ዘረጋ። ካሜራው ሰውነታችሁን ይቀርጻል፤ ኮምፒውተሩ ደግሞ ከትከሻ እስከ ክርን፣ ከዳሌ እስከ ጉልበት፣ ከጉልበት እስከ ቁርጭምጭሚት በምስላችሁ ላይ መስመር ያሰምራል። ልክ ከሆናችሁ መስመሩ አረንጓዴ ነው፤ ከሳታችሁ ይቀላል።

ዕቃውን አልጠላሁትም፤ ምን አደረገኝ? እንዲያውም መጀመሪያ ቀን ከፊቱ ስቆም ቀኝ ትከሻዬ ዘንበል ብሎ አየሁና ደነገጥኩ። ለካስ ይህን ሁሉ ዘመን ቦርሳ ባልያዝኩበት ጊዜም ቦርሳ እንደያዝኩ ነበር የምሄደው። ማንም ነግሮኝ አያውቅም። በዚያን ቀን ሰውየው ዘወር ብሎ ትከሻዬን ነካ አድርጎ «እዚህ ጋ ላላ በይ» ቢለኝ ኖሮ ምናልባት ይህንን ታሪክ በሌላ ድምፅ እነግራችሁ ነበር።

እሱ ግን አይዞርም። ጀርባውን ለእኛ፣ ፊቱን ለስክሪኑ ሰጥቶ ነው የሚያስተምረው። ብትጠሩት የሚመልሰው ለምስላችሁ ነው። ስማችንን ለመያዝም አልደከመ፤ በመስመራችን ቀለም ይጠራናል። የቢሯችን ዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊ መልኳ ድፍን ጥቁር ነው። «አንቺ ቀይዋ!» ብሎ ሲጮህባት ዞር ዞር ብላ አየችና «እኔን ነው? ተመስገን! እናቴ ይህንን ሳትሰማ ሞተች» አለች። ክፍሉ በሳቅ አውካካ። እሱ ምን እንዳሳቀን አልገባውም፤ ማን እንደሳቀ ሊያይም አልዞረም።

በየመሀሉ ሙዚቃውን ያቆምና «መልሼ ላሳያችሁ» ይላል። የቀረጸውን ወደ ኋላ ይመልሰዋል፤ እጃችን የት እንደሳተ በጠቋሚ እንጨት ያሳየናል። ከዚያ ትንሽ እንደንሳለን፤ ከዚያ «መልሼ ላሳያችሁ»። በዚህ የተነሳ ስሙን መልሼ አልነው። ሚስቱ ሳትቀር መልሼ ትለው ጀመር፤ እሱ በማይሰማበት።

እኛ እዚያ የሄድነው በሚስቱ ምክንያት ነው። የምንሠራው መድን ድርጅት ውስጥ ነው፤ እሷ ገንዘብ ተቀባይ ናት፣ ጠረጴዛዬ ከጠረጴዛዋ ጎን ነው። ድርጅቱ የምሥረታ በዓሉን ሲያከብር ሥራ አስኪያጁ «ሠራተኛው ራሱ መድረክ ላይ ወጥቶ ይደንስ» የሚል ሐሳብ መጣለት። እሷም «ባለቤቴ ያሠለጥናችኋል» አለች፤ አንገቷን ቀና አድርጋ።

ከሥራ በኋላ እየሄድን ተለማመድን። ለመድረኩ አሰላለፍ ብሎ ፊታችንን ወደ መስኮቱ አዞረው፤ ስክሪኑን ወደ ግራ አንገታችንን ጠምዝዘን ነበር የምናየው። ቀስ በቀስ ስክሪኑ አረንጓዴ እየሆነ መጣ። መልሼ ልቡ አበጠ። «የሰው ዓይን ያዳላል፤ ካሜራ ግን አያዳላም» እያለ ይንጎራደዳል። አንድ ቀን ወፍራሙ ሒሳብ ሹማችን ላቡን እየጠረገ፣

«አሰልጣኝ፣ እስቲ አንዴ ስክሪኑን አጥፍተን እንሞክረው» አለ።

መልሼ በንቀት ፈገግ አለ። «እርስዎ መኪና ሲነዱ መስታወቱን ነቅለው ነው የሚነዱት?»

ሒሳብ ሹሙ መኪና የለውም። ላቡን ጠርጎ ወደ ረድፉ ተመለሰ።

በዓሉ ደረሰ። አዳራሹ ሞልቷል፤ የሥራ አስኪያጁ ሚስት ከፊት ተቀምጣለች። መድረኩ ላይ ተሰልፈን ቆምን፤ ሙዚቃው ጀመረ። ሁላችንም፣ አንድ ሰው እንዳዘዘን ሁሉ፣ አንገታችንን ወደ ግራ አዞርን። ስቱዲዮው ውስጥ ስክሪኑ የነበረው በዚያ በኩል ነዋ! እዚህ ግን በዚያ በኩል ባዶ ግድግዳና አንድ የእሳት ማጥፊያ ብቻ ነው ያለው። እጄን አነሳሁ፤ ይነሳ ወይስ ይውረድ የሚነግረኝ አጣሁ። በእሳት ማጥፊያው ላይ አፍጥጬ ቀረሁ። ሒሳብ ሹሙ ወደ ቀኝ ሲሄድ የግምጃ ቤት ኃላፊዋ ወደ ግራ መጣች፤ ደረት ለደረት ተላተሙ። አዳራሹ ሳቀ። መጀመሪያ በጨዋነት፣ ኋላ ጠረጴዛ እየደበደበ።

ከመድረኩ ሥር መልሼ ካሜራውን ተክሎ ይቀርጻል። በዓይናችን ለመንነው። እጁን አንዴ እንኳ ወደ ላይ ቢያነሳልን ይበቃን ነበር። ዓይኑን ከካሜራው አልነቀለም።

ከመድረክ እንደወረድን ፊታችን ቲማቲም መስሎ ከመጋረጃው ጀርባ ተሰበሰብን። ኮምፒውተሩን ታቅፎ መጣ።

«ስሕተቱ የት ጋ እንደሆነ መልሼ ላሳያችሁ።»

የግምጃ ቤት ኃላፊዋ ጫማዋን አውልቃ በእጇ ይዛለች። «ምኑን ነው የምታሳየን? እኛ እኮ ነበርንበት!» አለችው።

አልገባውም። ቁጭ ብሎ ለብቻው አየው፤ ደግሞ አየው። ከተሰለፍነው ውስጥ ያልሳተ አልነበረም። ራሱን ፈልጎ እንዳያገኝ ደግሞ ምስሉ ውስጥ የለም። በመጨረሻ ኮምፒውተሩን ከደነና «ተማሪው ካልረባ ምን ይደረጋል» ብሎ ሄደ። ሚስቱ አዳራሹ በር ላይ ቆማ ትሰማው ነበር። በማግስቱ ቢሮ ስትገባ ማንንም ቀና ብላ አላየችም።

ወሬው ከተማውን ዞረ። የስቱዲዮው ተማሪዎች አንድ አንድ እያሉ ቀሩ። ሌላ ሰው ቢሆን «ምን አጥፍቼ ይሆን?» ይላል። እሱ ግን ስሙን የሚያድስ ቪዲዮ ያስፈልገኛል አለ፤ ዓይኑም አማቱ ላይ አረፈ።

አማቱ አብረዋቸው ነው የሚኖሩት። ዳሌያቸው ተሰብሮ ከዳነ ወዲህ በምርኩዝ ይሄዳሉ። የመልሼ ሐሳብ እሳቸው በእሱ ስክሪን ተምረው ያለ ምርኩዝ ሲራመዱ ቀርጾ ለዓለም ማሳየት ነው። ሴትየዋ አልፈለጉም። «የልጄ ባል ነው፤ ምን ይደረግ» ብለው እሺ አሉ። ቅዳሜ ጠዋት ልጃቸው መድኃኒታቸውን ልትገዛ ስለሄደች ደረጃውን ደግፌ ያወጣኋቸው እኔ ነኝ። በየማረፊያው እየቆሙ «ይህ ሰው ምድር ቤት አጥቶ ነው?» ይላሉ።

እንደገባን ምርኩዛቸውን ከእጃቸው ወሰደ።

«እማማ፣ ይቺን ልቀበልዎት። ኮምፒውተሩ ሦስተኛ እግር እያለ ያነብብኛል።»

«ሦስተኛ እግሬ ነዋ!» አሉት።

«አንድ ጊዜ ነው፣ እማማ። ዓይንዎን ከስክሪኑ ላይ እንዳይነቅሉ ብቻ።»

«እኔ ልያዛቸው» አልኩ።

«ከምስሉ ውጪልኝ!» አለኝ። ዞሮም አላየኝ።

ወጣሁለት። እሳቸው እጃቸውን እንደ ሕፃን ዘርግተው ጀመሩ። ስክሪኑ ላይ ሌላኛዋ አሮጊት በአረንጓዴ መስመር ተሸልማ ትራመዳለች፤ ምስሉ ከእሳቸው ትንሽ ወደ ኋላ ይዘገያል። እውነተኛዋ ሴትዮ እግራቸው ወለሉ ላይ ከተነጠፈው ምንጣፍ ጫፍ ደረሰ። ወለሉን አያዩም፤ እንዳያዩ ታዘዋል። ተደናቀፉ። ክንዳቸው ሥራቸው እንዳለ በጎናቸው ወደቁ። ስክሪኑ ላይ ግን ለቅጽበት ገና ቆመው ነበር፤ አረንጓዴ እንደሆኑ።

ሮጬ ሄድኩ። እሱም ሮጠ፤ ወደ ኮምፒውተሩ። ወደ ኋላ መለሰው።

«ጉልበትዎ ትክክል ነበር!» ብሎ ጮኸ። «እማማ፣ አረንጓዴ ነበር እኮ!»

«አንተ ሰውዬ፣ አንሳኝ!» አሉት ከወለሉ ላይ።

በዚህ መሀል ልጃቸው የመድኃኒቱን ከረጢት እንደያዘች በሩ ላይ ደረሰች። ባሏ በጉጉት ጠራት።

«ነይ፣ ነይ፣ መልሼ ላሳይሽ። ጥፋቱ የምንጣፉ ነው።»

ባለችበት ክው አለች። ስክሪኑን አላየችም። «እናቴ መሬት ላይ ናት» አለችው፤ ቀስ ብላ፣ ቋንቋ ለማይችል ሰው እንደሚነገረው።

«አውቃለሁ፤ ግን ጉልበታቸውን ብታዪው…»

አልፋው መጣችና ከእናቷ ጎን ተንበረከከች። ከታች ካለው የቤት ዕቃ መሸጫ አናጺዎች ተጠርተው አንድ አዲስ ወንበር ይዘው ወጡና ሴትየዋን አስቀምጠው አወረዷቸው። ሆስፒታል ሲመረመሩ ዳሌያቸው ተርፏል፤ የእጃቸው አንጓ ተሰብሯል። መልሼ ኮምፒውተሩን ዘግቶ ሲመጣ ጀሶው ታስሮ አልቆ ነበር።

ባልደረባዬ ከሆስፒታል የወጣችው ወደ ወንድሟ ቤት ነው። እናቷን ይዛ፣ ያንኑ የመድኃኒት ከረጢት እንደያዘች። አንድ ሳምንት እንኳ ሳይሞላ ስልኳ ላይ መልእክት መጣ። ባሏ ነው። ይቅርታ መስሏት ከፈተችው። የአወዳደቁ ቪዲዮ ነበር፤ ቀይ ቀስት ወደ ምንጣፉ፣ አረንጓዴ ቀስት ወደ ጉልበቱ እያመለከተ፣ ከሥሩም «አሁን ይገባሻል» የሚል ጽሑፍ። ዓይኑን በጨው አጥቧል! ስልኩን ዘርግታ አሳየችኝ።

«ምን ልበለው?»

«እኔ የማስበውን እንዳልናገር አፌ ነውር ያውቃል፤ የምትመልሺውን አንቺ ታውቂያለሽ» አልኳት።

ምንም አላለችውም። ቪዲዮውን አጠፋችው፤ በወሩ የፍቺ ማመልከቻ አስገባች። ፍርድ ቤት ሲጠራ መጥቶ ፈረመ። ፊቱ ገርጥቶ ነበር አሉ፤ አልቅሷልም አሉ። ይሆናል። ያለቀሰው ለማን እንደሆነ ግን አሁንም አላውቅም።

ወድቆ አየሁት ብዬ ብነግራችሁ ደስ ባለኝ። አልወደቀም። ስቱዲዮውን ዘጋና በስልክ የሚታይ ትምህርት ጀመረ። አሁን ከፊቱ ተማሪ የለም፤ ካሜራው ብቻ ነው ያለው። ብቻውን ቆሞ ይወዛወዛል፤ በየቤቱ የተቀመጠው ሰው ሁሉ ደግሞ ከሥሩ «ድንቅ አሰልጣኝ!» እያለ ይጽፍለታል። የሚከተለው ሰው ብዛት አዳራሻችንን ስንት ጊዜ ይሞላል። ቪዲዮዎቹን አንድ ሁለቱን አይቻለሁ። መሀል ላይ ነው የሚቆመው፤ ደስተኛ ይመስላል።

ከጥቂት ጊዜ በፊት ለአማቱ ደውሎ ነበር። ሰላምታ ለማለት አይደለም። ያንን ቪዲዮ፣ ከመውደቃቸው በፊት ያለውን ክፍል ብቻ ቆርጦ ለማሳየት ፈቃድ ፈልጎ ነው። «እማማ፣ በጣም ቆንጆ እርምጃ ነበር» አላቸው። ሴትየዋ በወጣትነታቸው የስልክ ኦፕሬተር ነበሩ። ጉሮሯቸውን ጠረግ አድርገው፣ በዚያ በጥንቱ ድምፃቸው፣

«ይቅርታ ጌታዬ፣ መስመሩ ተይዟል» ብለው ዘጉት።

እሳቸው ዛሬም በምርኩዝ ነው የሚሄዱት። ልጃቸው አንድ ምድር ቤት ተከራይታ አብረዋት ይኖራሉ። ማታ ከሥራ ስትገባ ክንዳቸውን ይዛ ከበሩ እስከ አጥሩ ታመላልሳቸዋለች። «ግራ እግር፣ እማዬ» ትላለች። እሳቸውም «የቱ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ይልቅ ወሬ አምጪ» ይሏታል።