እትዬን በአየር የወሰድኩበት ቀን

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ አንድ አመል ይዞኛል፤ መብረር። ሌላው ጡረተኛ ዳማ ይጫወታል፤ በረንዳው ላይ ጎመን ይተክላል። እኔ ደግሞ አጠራቅሜ በዓመት አንዴ መስኮት ዳር እቀመጥና አንዱን ከተማ አይቼ እመለሳለሁ። ዕድሜዬን በጨርቃ ጨርቅ ማሽን ጩኸት ውስጥ የጨረስኩ ሰው ስለሆንኩ ከላይ ሆኜ ዝም ያለ አገር ሳይ ደስ ይለኛል። ወሬው ስለማያልቅብኝ የገላን ኮንዶሚኒየም ጎረቤቶቼ ደረጃ ላይ ሲያዩኝ መሸሽ ጀምረዋል። አቃቂ የምትኖረው ታላቅ እህቴ ግን ሰምታ አትጠግብም።

"እኔንስ መቼ ነው የምትወስደኝ?" ትለኛለች።

"በሚቀጥለው፣ እትዬ" እላለሁ።

ባለፈው ዓመት አንድ ጠዋት ከድሬዳዋ ተደወለ። የታናሽ እህታችን ባል ነበር።

"ጋሼ፣ ይቻሉት። ሌሊት አረፈች። እናንተ እንድትደርሱ ቀብሩን ለነገ አድርገነዋል።"

ሲያለቅስ ቆየና አደራውን ሰጠኝ። "ለእትዬ አሁን እንዳይነግሯቸው። ደም ግፊታቸውን ያውቃሉ። እዚህ ዘመድ በተሰበሰበበት ሽማግሌዎች ያርዷቸው። እስከዚያ እንባ እንዳያዩብዎት።"

መርዶ በመንገድ አይነገርም፤ ወጋችን ነው። የሞተችው ግን የእኔም እህት ነበረች፤ በልጅነቴ አዝዬ ያሳደግኳት። ለእሷ የማለቅስበት ጊዜ እንኳን አላገኘሁም። ልጄ በስልኩ የከሰዓት ትኬት ቆረጠልን፤ እኔም ፊቴን ታጥቤ እትዬ ቤት ሄድኩ።

"ተነሺ" አልኳት፣ "ዛሬ ድሬዳዋ እንበራለን። ታናሻችንን ድንገት ደርሰን እናስደስታት።"

እልል አለች። "ሳልሞት አሰብከኝ!"

ከሳጥኗ ለበዓል የምትለብሰውን ቀይ ጥለት ያለውን ቀሚስ አወጣች። ሌላ ልበሺ ልላት አስቤ ምክንያቱ ጠፋኝ። እሷ ጓዳ ገብታ ስትለብስ የጎረቤቷ ሴትዮ ነጠላዋን አዘቅዝቃ በሩን ገፋ አደረገች። ከየት እንደሰማች እግዜር ይወቅ። ዘልዬ በሩ ላይ ቆምኩባት።

"አልሰማችም" አልኩ በሹክሹክታ፣ "በልጆችሽ ይዤሻለሁ!"

ሴትዮዋ እዚያው ነጠላዋን ገለበጠች፣ ምራቋን ዋጠችና "መልካም መንገድ ይሁንላችሁ!" ብላ ጮኻ ተፈተለከች።

"ምን ሆና ነው የምትሮጠው?" አለች እትዬ ከጓዳ።

"ወጥ ጥዳ ነው" አልኳት።

በታክሲ ወደ ኤርፖርት ስንሄድ ሳሪስ ላይ መንገዱ ተዘጋጋ። ሰዓቱ እየሄደ እኛ ቆመናል። በዚህ መሃል የእትዬ ስልክ ጮኸ። ከእጇ ነጥቄ ጆሮዬ ላይ ሳደርገው የምታለቅስ ሴት ድምፅ ሰማሁ። "ደህና ነን፣ ደህና ነን፣ መንገድ ላይ ነን" ብዬ ዘጋሁና ስልኩን አጥፍቼ ኪሴ ከተትኩት።

"ለምን ታጠፋዋለህ?"

"የሚበር ሰው ስልክ አይከፍትም።"

"ገና ሳሪስ ነን እኮ!"

"ሕጉ ከቤት ጀምሮ ነው" አልኳት። በመብረር ነገር የእኔ ቃል የማይሻር ስለሆነ አመነችኝ። ማመኗ አንጀቴን በላው።

አውሮፕላኑ ውስጥ መስኮቱን ለእሷ ለቀቅኩላት። ሲነሳ ክንዴን ጨምድዳ ያዘችኝ፤ ደመናውን አልፈን ስንወጣ ግን እንደ ልጅ ሳቀች።

"ይሄን ሁሉ ለብቻህ ስትበላ ኖርክ? አንተ ስስታም!"

ያ ምንድን ነው፣ ይሄ ወንዝ የት ይሄዳል እያለች ትጠይቀኛለች፤ እኔም የማውቀውንም የማላውቀውንም እመልሳለሁ።

"ዓይንህ ምን ሆነ?" አለችኝ ድንገት።

"አየሩ ነው። እዚህ ላይ ዓይን ያደርቃል።"

"ደርቆ ነው እንዴ ውሃ የሚያወጣው?" ብላ ትኩር ብላ አየችኝ። አበቃ፣ ነቃችብኝ አልኩ በልቤ። እሷ ግን ወደ መስኮቷ ዞረች።

"ስንመለስ እሷንም ይዘናት እንምጣ" አለች። "ሦስታችን ጎን ለጎን እንቀመጣለን። መስኮቱን ለእሷ እለቅላታለሁ።"

"እሺ" አልኩ። ከዚያ ወዲያ አንድ ቃል ብጨምር ድምፄ ያሳብቅብኝ ነበር።

ድንኳኑ ከጓሮ በኩል እንዲተከል፣ ማንም ድምፅ እንዳያሰማ አስቀድሜ አስጠንቅቄ ነበር፤ እንዳልኩትም አድርገዋል። ባጃጃችን ሰፈሩ ሲደርስ መንገዱ ጭር ብሏል። የግቢው በር ተከፍቷል፤ ሽማግሌዎቹ በረንዳው ላይ በዝምታ ተቀምጠዋል። የቀረኝ እትዬን እስከ በረንዳው ማድረስ ብቻ ነው። ያስቀምጧታል፣ ውሃ ያስጠጧታል፣ ከዚያ ቀስ ብለው ይነግሯታል።

ባጃጁ ሳይቆም እትዬ ቀይ ጥለቷን ሰብስባ አንገቷን ወደ ውጭ አወጣች።

"አንቺ! ውጪ እንጂ! በአየር መጣሁልሽ!"

ሽማግሌዎቹ ተነሥተው ቆሙ።

"አንቺ ልጅ፣ አትሰሚም? በአየር ነው የመጣሁልሽ!"

ለሦስተኛ ጊዜ ልትጣራ አፏን ስትከፍት ከባጃጁ ውስጥ ጩኸት ተሰማ። የእኔ ነበር። እትዬ ዞራ አየችኝ። ከዚያ በኋላ የሚያረዳት ሽማግሌ አላስፈለገም።