ሞራ ነው፣ ይብሰል

እናንየ በደብረ ማርቆስ ገበያ ጌሾ መሸጥ ከጀመረች ሠላሳ ዓመት ሆናት። ቀኝ ዓይኗ መደብዘዝ ሲጀምር የጤና ጣቢያው ሰውዬ ከወንበሩ እንኳ ሳይነሳ፣ «ሞራ ነው፤ ሲበስል ይገፈፋል» አላት። በቃ። ባትሪ ያበራላት፣ ዓይኗን ገልጦ ያየላት የለም። እሷም ቃሉን አምና ሦስት ዓመት ጠበቀች። ሰው ከጎኗ መጥቶ ሲገጫት «አንተ፣ ዓይንህ ታውሯል?» እያለች ትሳደብ ነበር።

ታናሽ እህቷ ውዴ፣ «እትዬ፣ እኔም በጎኔ የሚመጣ አይታየኝም» ያለቻት ዕለት፣ «ሞራ ነዋ! ይብሰልልን፤ አብረን እንገፈፋለን» ብላ ሳቀች።

ዘንድሮ ቀኙ ጭልም አለ፤ ግራውም ደከመ። በስሏል ብላ ሆስፒታል ሄደች። ወጣቷ ሐኪም በመሣሪያ አየቻት፤ የዓይኗን ግፊት ለካችና መሣሪያውን አስቀመጠች።

«ግፈፊልኝ እንጂ፣ ልጄ።»

«እማማ፣ ሞራ አይደለም። ግላኮማ ነው፤ የዓይን ግፊት። የሚገፈፍ ነገር የለውም። የጠፋው አይመለስም፤ የቀረችውን በጠብታ እናቆያታለን።»

«ያኔ ብመጣስ ኖሮ?»

«ይተርፍልዎት ነበር።»

የእናንየ ደም ፈላ። በሩን በርግዳ ወጣችና ተራ ጠባቂዎቹ ላይ ጮኸች፦ «ይብሰል የተባለ ማነው እዚህ?»

ከአግዳሚው አራት ሰው «እኔ» አለ። አንዱ ሽማግሌ ሁለቱም ዓይናቸው ጠፍቷል።

«ማንጎ ነን እንዴ? አፈር ያስበላቸው! ተቀምጠው ደመወዝ እየበሉ እኛን ያበስሉናል!»

ሐኪሟ ተከትላት ወጥታ ክንዷን ያዘቻት። «እማማ፣ ይሄ በሽታ በዘር ይሄዳል። እህት ወንድም አለዎት?»

እናንየ ስድቧን አቋረጠች። ውዴ!

በማግስቱ እህቷን እየጎተተች አመጣቻት። መንገዱን ሙሉ ጤና ጣቢያውን ስትረግም፣ ውዴ «ተይ እትዬ፣ ሰው ይሰማል» ትላታለች። ምርመራው ረዘመ። እናንየ በሩ ላይ ቆማ የግድግዳውን ቀለም በጥፍሯ ላጠችው።

ሐኪሟ በመጨረሻ መሣሪያውን ገፋ አደረገች። «የግራ ዓይንዎ አልቋል። ምነው እስከዛሬ ቆዩ፣ እናቴ?»

ውዴ በሩ ላይ ወደቆመችው እህቷ ዞራ ፈገግ አለች፤ ቂም የለባትም።

«እትዬ ናት ይብሰል ያለችኝ። እሷ ታውቃለች ብዬ።»