የጳጉሜን ክለሳ

ክፍሉ ውስጥ ሲያስገቡኝ መጀመሪያ ያየሁት ጫማዎቹን ነው። ከበሩ በስተግራ ግድግዳውን ተጠግተው፣ ጥንድ ጥንድ ሆነው፣ አፍንጫቸውን ወደ በሩ አዙረው ተደርድረዋል። ኮንጎ፣ ነጠላ ጫማ፣ የከተማ ሰው የቆዳ ጫማ፣ አንድ ጭቃው የደረቀበት የላስቲክ ቦቲ። ሥርዓት የምወድ ሰው ስለሆንኩ በዚያ ሰዓት እንኳ ልቤ ትንሽ ረጋ። ጫማ እንዲህ የሚደረድር ሰው ያለበት ቤት ጨርሶ ሊከፋ አይችልም ብዬ አሰብኩ።

ከጫማዎቹ በኋላ ሽታው መጣ። ቤቱ ጎንደር ከተማ ውስጥ ያለ፣ ድሮ ማዳበሪያ ይቀመጥበት የነበረ፣ አሁን እስረኛ የሚታጎርበት መጋዘን ነው። ማዳበሪያው ከወጣ ቆይቷል፤ ሽታው ግን ከሲሚንቶው ወለል አልለቀቀም፣ ዓይን ይቆጠቁጣል። ጣሪያው ቆርቆሮ ነው። ከፍ ብሎ አንድ ጠባብ መስኮት አለ፤ ብረት እንጂ መስታወት የለውም።

«ስምህን ቆይተህ ትነግረኛለህ፤ ሥራህ ምንድነው?» አለኝ አንድ ወፍራም ሰው ከፍራሹ ሳይነሳ።

«መምህር ነኝ።»

«አልሐምዱሊላህ። ገበሬ አለን፣ ነጋዴ አለን፣ ሹፌር አለን። የሚቆጣን ነው ያጣነው።»

ካቦው እሱ ነበር። ካቦ ማለት የመኝታ ቦታና ምግብ የሚያከፋፍል፣ ከእስረኞቹ መካከል የተመረጠ የክፍሉ አለቃ ነው። ውጭ ሳለ ልብስ ሰፊ ነበር። ጫማዎቹን የሚያስደረድረውም እሱ መሆኑን ኋላ አወቅሁ።

የመጣሁት ከማክሰኝት ነው፤ እዚያ አንደኛ ደረጃ አስተምራለሁ። ነሐሴ ውስጥ ሁለት ሰዎች ወደ ተከራየሁበት ቤት መጥተው «ለአጭር ጥያቄ ነው» ብለው ወሰዱኝ። ጥያቄው አንድ ስብሰባ ላይ ስለተናገርኩት ነገር ነበር፤ አጭርም አልነበረም። ስለ ጥያቄው ብዙ የምለው የለኝም። መጻፍ የፈለግሁት ስለ አንድ ቀን ነው፤ ስለ ጳጉሜን ሦስት፣ ስለ ሩፋኤል ዕለት።

እንደ እኔ ያለ መምህር በጳጉሜን የሚሠራው አንድ ሥራ አለ፤ ዓመታዊ ዕቅድ ያዘጋጃል። የትኛው ምዕራፍ በየትኛው ሳምንት እንደሚያልቅ፣ ፈተናው መቼ እንደሚሆን ይወስናል። እጄ ሥራ ፈትቶ ስለነበር ያን ቀን ጠዋት፣ ሻይና ዳቦው ከታደለ በኋላ፣ ለክፍሉ አንድ ሐሳብ አቀረብኩ። እያንዳንዱ ሰው ለመጪው ዓመት ያለውን ዕቅድ ይናገር። ጊዜያችንን ያሳጥርልናል፣ መንፈስም ያነቃል ብዬ አስረዳሁ። ማስረዳት እወዳለሁ።

«እኔ ልጀምር» አለ ካቦው። «ከርሞ በጀርባዬ ለመተኛት አቅጃለሁ።»

ተሳቀ። በጎን ተጣብቀን ነበር የምንተኛው።

«የኔ ዕቅድ ደግሞ ካቦው እንዲፈታ ነው፤ የሦስት ሰው ቦታ ይለቀቃል» አለ አንድ ሹፌር። እንደገና ተሳቀ። ከዚያ ተራው ጥግ ላይ ወደ ተቀመጠው የሳንጃ ሰው ደረሰ፤ ሳቁም ቆመ።

ይህ ሰው የሰሊጥ ገበሬ ነው። ረጅም፣ ጉንጩ የጎደጎደ፣ ከሰላምታ በላይ የማይናገር። አገሩ ሩቅ ስለሆነ ጠያቂ አልነበረውም። ከታሰረ ጀምሮ ከቤቱ ምንም አልሰማም። ሲይዙት ሚስቱ እርጉዝ ነበረች፤ ይህንን ያወቅነው ለአንድ ሰው ብቻ ነግሮ ስለነበር ነው፤ አብረውን ለታሰሩ አንድ የኮላ ድባ ሽማግሌ። ከጥቂት ቀናት ወዲህ ደግሞ መብላት ትቷል። ዳቦውን ይቀበላል፣ አጠገቡ ያስቀምጣል፣ በማግስቱ ለሌላ ይሰጣል። ካቦው ቢለምነውም፣ ቢቆጣውም፣ ሽማግሌው ቢያጎርሱትም እንቢ ብሏል። ፊቱ አመድ መስሎ ነበር። ሁላችንም የፈራነው አንድ ነገር ነው፤ ሰውየው አዲሱን ዓመት ሳያይ ከእጃችን እንዳያመልጥ።

«እኔን ዝለሉኝ» አለ።

«አንድ ነገር ብቻ» አልኩት።

«መምህር፣ ነገ የሚባለው በእጄ የለም። ምኑን ላቅደው?» ብሎ ፊቱን ወደ ግድግዳው መለሰ።

ጥያቄው ስህተት እንደነበር ገባኝ። እዚያ ቤት ውስጥ የነገው ቁልፍ በሌላ ሰው ወገብ ላይ ነው የተንጠለጠለው። መምህር ግን ጥያቄው ካልሠራለት ሌላ ጥያቄ መጠየቅ ልማዱ ነው። እኔም ትምህርት የምጀምረው በአዲሱ አይደለም፣ በክለሳ ነው። ባለፈው ምን ተማርን እላለሁ። ያንን ያወቀ ልጅ አዲሱን አይፈራም።

«ዕቅዱን እንተወው» አልኩ። «እንከልስ። ካለፈው ዓመት አንድ ሸጋ ነገር ንገሩኝ። አንድ ብቻ።»

ሽማግሌው ቀደሙ። ሁላችንም አያ ነበር የምንላቸው። በሬያቸው ክረምት ላይ ዋልካው ጭቃ ውስጥ እስከ ሆዱ ሰጥሞ፣ የሰፈሩ ሰው በገመድና በእንጨት ቀኑን ሙሉ ሲታገል ውሎ እንዳወጣው ነገሩን። «ካወጡት አንዱ በድንበር የተካሰስነው ጎረቤቴ ነው» አሉ። «ጭቃ በጭቃ ሆነን ስንተያይ ሳቅ መጣብን። ክሱ አለ። ግን ሸጋ ቀን ነበር።»

«እኔ መንግሥትን አመሰግናለሁ» አለ ካቦው።

«ምነው? ሊፈቱህ ነው?» አለው ሹፌሩ።

«የለም። ሚስቴ ከተጋባን ጀምሮ እንዳኮረፈች ናት፤ በምኑ እንደሆነ እስከ ዛሬ አልነገረችኝም። ከታሰርኩ ወዲህ ግን በየጠያቂው ቀን ትኩስ ወጥ ትልካለች። ባለፈው እንዲያውም ‹እንዴት ነው ጤናው› ብላ ላከችብኝ። ቀድሜ መታሰር ነበረብኝ።»

እኔም ተናገርኩ። ትምህርት ቤታችን በጸጥታው ምክንያት ተዘግቶ ሰንብቶ የተከፈተ ዕለት ደወሉን የደወልኩት እኔ ነበርኩ። ደወላችን ከግራር ላይ የተንጠለጠለ የመኪና ቸርኬ ነው። ደወልኩ፣ ማንም የለም። ደግሜ ደወልኩ። ከዚያ ከእርሻው ማዶ ልጆቹ ሲሮጡ መጡ። እዚህ ላይ ስደርስ ካቦው አየት አድርጎኝ ቶሎ ወደ ሌላው አለፈልኝ።

በየተራው ሁሉም አንድ አንድ ነገር አገኘ። አንዱ ጥርሱን ሲታመም ከርሞ ተነቅሎለታል። አንዱ እናቱን ቀብሯል፤ ግን አልጋዋ አጠገብ ደርሶላታል። እንዲህ እየተባለ ሳለ ቆርቆሮው ላይ ዝናብ ጀመረ።

አያ ብድግ አሉ። የሩፋኤል ዝናብ በኛ ዘንድ ጠበል ነው፤ ሰው ሆን ብሎ ወጥቶ ይመታዋል። ሩፋኤል ደግሞ ምጥ የያዛት ሴት የምትጠራው መልአክ ነው። ሽማግሌው የተደፋ ባልዲ ላይ ቆመው በብረቱ መካከል ክንዳቸውን አወጡ፤ ኩባያው ሲሞላ ወርደው በቀጥታ ወደ ሳንጃው ሰው ሄዱ።

«አንተ፣ ዙር እስቲ። ልጁ የሚደርሰው መቼ ነው ያልከኝ?»

«በነሐሴ መባቻ።»

«ዛሬ ምንድነው?»

«ጳጉሜን።»

«ነሐሴማ አልፏል። እንግዲህ ሚስትህ ወልዳለች። የወለደች ሴት ባል እንኳን ማርያም ማረችልህ ሳይባል ዓመት አይሻገርም።» ግንባሩን በውኃው አበሱለትና ቀጠሉ፤ «እንኳን ማርያም ማረችልህ።»

እኔ ደነገጥኩ። ጠጋ ብዬ በጆሯቸው «አያ፣ ሳናውቅ?» አልኳቸው።

ድምፃቸውን ዝቅ ሳያደርጉ መለሱልኝ፤ «ምነው? ቀኑ አልፏል፤ የሆነው ሆኗል። ወይ እንኳን ነው፣ ወይ እግዜር ያጽናህ ነው። ታዲያ በሩፋኤል ዕለት ማንኛውን ልንለው ነው?»

ካቦው ተነስቶ ሱሪውን አራገፈ፤ «እንኳን በሰላም ተገላገለችልህ። አላህ ያሳድገው» አለ። ከዚያ ሁሉም፣ ለቤት ወግ እንደሚደረገው፣ በዕድሜ ተራ እየቀረበ ጎንበስ እያለ እንኳን ማርያም ማረችልህ አለው። እኔም አልኩት። ሰውየው ቀስ እያለ ተነሳ። ለተቀመጠ ሰው እንዲህ አይባልም። ለእያንዳንዳችን «አሜን፣ አብሮ ደስ ይበለን» አለ።

በሩ ተበርግዶ ተከፈተ።

ዋርድያው ፀጉሩ የሸበተ፣ ድምፁ የሻከረ ሰው ነው። «ማን ነው የወለደው?» አለ።

አንድ ባንድ ቃኘን።

«ውጭ ሆኜ ሰምቻለሁ። የማን ሚስት ናት የወለደችው? ወሬውን ማን አመጣው?»

የጠረጠረውን ያን ጊዜ ተረዳን። ዕለቱ የጠያቂ ቀን አይደለም። ወሬ ሊደርሰን የሚችለው ክፍሉ ውስጥ የተደበቀ ስልክ ካለ ብቻ ነው። ስልክ የተገኘበት ክፍል ደግሞ የእንቁጣጣሽ ጠያቂ ይከለከላል። ሰው ሁሉ ሚስቱንና ልጁን ለማየት ያንን ቀን ነበር የሚጠብቀው። በግድግዳው በኩል አሰለፈን። ፍራሽ ተገለበጠ፣ ፌስታል ተዘረገፈ፣ ጫማዎቹ አንድ ባንድ ተራገፉ።

«ስልኩን አምጡ፤ ካልሆነ ለበላይ ነው የማመለክተው።»

የሳንጃው ሰው ከሰልፉ አንድ እርምጃ ወጣ። ያን ያህል ሲናገር ሰምቼው አላውቅም።

«ስልክ የለም አለቃ። ወሬም አልመጣም። ሚስቴ በነሐሴ ትወልዳለች የተባለች ናት። ትውለድ፣ ትሙት አላውቅም። እነዚህ ሰዎች ዛሬ ሩፋኤል ነው ብለው ነው እንኳን ያሉኝ። ጥፋት ከሆነ ጥፋቱ የኔ ነው። አሜን ያልኩት እኔ ነኝ።»

ዋርድያው ፍራሹን በእጁ እንደያዘ ቆመ።

«ሳታውቅ አሜን አልክ?»

«አዎ።»

ዝናቡ ቆርቆሮውን ይመታል። ዋርድያው ፍራሹን አስቀመጠ፤ ሳይወረውር፣ ወደ ነበረበት።

«ሳንጃ ዘመድ አለህ? ስልክ ቁጥሩን በቃልህ ታውቃለህ?»

«የሚስቴ ወንድም አለ።»

ቁጥሩን ነገረው። ዋርድያው አስደገመው፣ በሩን ዘጋና ሄደ። ይደውል አይደውል አላወቅንም። ሊያጣራብን ይሆናል ያለም ነበር። ካቦው እንኳ አልቀለደም። እኔ ያሰብኩት ሌላውን፣ የሞቱን መልስ ነው። ጠዋት የነበረው አለማወቅ ቢያንስ ተስፋውን አልዘጋበትም ነበር፤ አሁን ግን ጠይቀናል፤ መልስ ይመጣል።

ከሰዓት በኋላ የበሩ ትንሽ መስኮት ተከፈተ።

«የሳንጃው።»

«አቤት።»

«ሴት ናት። እናቲቱም ደኅና ናት።» መስኮቱን ሊዘጋ ሲል ጨመረ፤ «እኔ ምንም አልነገርኳችሁም።»

አያ አማተቡ። ካቦው «ሴት ስለሌለን ልተካ» ብሎ አፉን በመዳፉ ጋርዶ፣ እንዳይሰማ ቀስ ብሎ፣ እልል አለ። የሳቀም ያለቀሰም ነበር። የሳንጃው ሰው ግን ወደ ጀሪካኑ ሄዶ እጁን ታጠበ። የጠዋቱን ዳቦ አነሳና «ነጠላህን አውሰኝ» አለኝ። ነጠላውን ወለሉ ላይ ዘርግቶ ዳቦውን ቆረሰው፤ ለሁላችንም እንዲደርስ አድርጎ፣ በጣም ሳይቸኩል። ከዚያ ከአያ ጀምሮ በሁለት እጁ እየያዘ፣ ጎንበስ እያለ ሰጠን።

«ብሉልኝ» አለ። ትንሽ ነው አላለም፤ ይቅርታም አልጠየቀም። ቤቱ እንግዳ እንደተቀበለ ሰው ነበር የቆመው። ለኔ የደረሰኝ የአውራ ጣቴን ጫፍ ታህላለች። እስከ ዛሬ ከተጋበዝኳቸው ድግሶች ያን ያህል ተጠንቅቄ የበላሁት የለም።

አንድ ቁራሽ ይዞ ወደ በሩ ሄደ። «አለቃ፣ ድርሻዎን።»

በበሩ መስኮት አንድ እጅ ገባና ተቀበለው።

የሳንጃው ሰው የመጨረሻውን ራሱ በላ። አላምጦ እስኪውጠው ድረስ ሁላችንም አየነው።

«ስሟን ማን አልካት?» አሉት አያ።

«ሳላያት አላወጣላትም።»

እኔ ከመስቀል በኋላ ተፈታሁ። «ለአጭር ጥያቄ» ብለው የወሰዱኝ ሰዎች ለምን እንደተፈታሁ አልነገሩኝም። የሳንጃው ሰው እዚያው ቀረ። በዓመቱ ጎንደር ካቦውን በልብስ ስፌት ቤቱ አገኘሁትና «ሄዷል፣ አገሩ ገብቷል» አለኝ። የራሱ የካቦው ሚስት እንደገና አኩርፋለች፤ ይህንንም በደስታ ነው የነገረኝ።

በየጳጉሜኑ የሥራ ባልደረቦቼ ከርሞ ምን እንዳሰብኩ ይጠይቁኛል። የትምህርቱን ዕቅድ እሞላለሁ፤ ሥራዬ ነው። ለራሴ ግን ማቀድ ትቻለሁ። ተቀምጬ ያለፈውን እቆጥራለሁ፤ ማን እንዳበላኝ፣ ማን በር እንደከፈተልኝ፣ ማን ሳያውቅ «እንኳን» እንዳለኝ። የታሰርኩበትንም ዓመት እንዲሁ እከልሰዋለሁ። የተወሰደብኝን አልረሳሁም። ነገር ግን ልጽፈው ስቀመጥ በቅድሚያ የሚመጣልኝ ምስጋናው ነው፤ ከዚያ በላይ ላስረዳው አልችልም።

ልጅቷ ዛሬ እየሮጠች ይሆናል። ስሟን አላውቅም። አባቷ ግን ያውቀዋል፤ አይቷት ነው ያወጣላት።