የተገሠጸው እንጨት

ባለቤቴ እናቷን ልታስታምም አዲስ አበባ ስትሄድ ስድስት ዓሣ አስረክባኝ ነበር። በሦስተኛው ሳምንት የቀረችኝ አንዲት ናት። አምስቱን የገደልኳቸው በእንክብካቤ ነው፤ የራባቸው በመሰለኝ ቁጥር ምግብ እበትንላቸው ነበር። በዚያው ሰሞን እናቷ አረፉ። በስልክ ስትነግረኝ ድምጿ እንኳ አልተንቀጠቀጠም፤ ወዲያው «ዓሣዎቼስ?» አለች። ዓይኔን በጨው አጥቤ «ሁሉም ደህና ናቸው» አልኳት። እናቱን ለቀበረ ሰው የዓሣ መርዶ እንዴት ይነገራል? ከዚያ ቀን ጀምሮ ስኪፖል አየር ማረፊያ ሻንጣ ስጭንም ስተኛም ሐሳቤ አንድ ነበር፦ የቀረችዋ እንዳትሞት።

የተረፈችው ደግሞ ከሁሉም አስቀያሚዋ ናት። ጥቁር፣ ጢማም፣ ቀኑን ሙሉ መስታወት ላይ በአፏ ተለጥፋ የምትውል። ሆዷ ወደ ውስጥ ሲገባ ፎቶ አንስቼ እዚያው ሰፈራችን ስሎተርቫርት ወዳለ የቤት እንስሳት ሱቅ ሮጥኩ። ሻጯ ፎቶውን አየችና «ጌታዬ፣ ይቺ እንጨት እየፋቀች ነው የምትኖረው። እንጨቷ የታለ?» አለችኝ። እኔ አኳሪየሙ ውስጥ ያለኝ የፕላስቲክ ቤተ መንግሥት ነው። ሱቁ ውስጥ እንጨት ሞልቷል፤ ባሕሩ በነፃ በሚተፋበት አገር እንጨት መግዛት ግን አልዋጥልህ አለኝ። ሴትዮዋ ግትር መሆኔን አይታ መከረችኝ፦ ሬንጅ የሚሸተውን አታንሳ፣ ጥፍር የሚገባበት የበሰበሰውን ተው፣ ጨውና ቀለሙን እስኪለቅ ዘፍዝፍ፣ እስከዚያው ዝኩኒ ስጣት።

ዴን ሃግ ከተማ ሄጄ፣ ሙርዋይክ ሰፈር የሚኖረውን ታናሽ ወንድሜን ይዤ ባሕር ዳር ወረድን። እኔ ጎንበስ ብዬ እያንዳንዱን ግንድ ሳሸት እሱ ከኋላዬ «አውሮፓ የመጣነው እንጨት ልንለቅም ነው?» ይለኛል። ከሰዓት በኋላ ሦስት ቅርንጫፍ ያለው፣ ክንድ የሚያክል ጠንካራ ሥር አገኘሁ። ባቡር ላይ ጭኔ ላይ አስቀምጬው ሳለሁ ተቆጣጣሪው መጣ። ቲኬቴን አየ፣ እንጨቱን አየ፤ «ለብስክሌት ቲኬት ያስፈልጋል፤ ለዚህ ግን መመሪያ አላውቅም» ብሎ አለፈ።

ቅርፊቱን በቢላ ፋቅኩ፣ አሸዋውን በብሩሽ አወጣሁ። ድስት ውስጥ አልገባ ስላለ አንዱን ጫፍ ቀቅዬ፣ ገልብጬ ሌላውን ቀቀልኩ። ከዚያ ሻወር ቤት ሳፋ ውስጥ ዘፈዘፍኩት። ውሃው በየቀኑ እንደ ሻይ ይቀላል፤ በየቀኑ እደፋለሁ፤ ጨው መልቀቁን ለማወቅ በጣቴ እየነካሁ እቀምሳለሁ። ችግሩ እንጨቱ አልሰምጥ አለ። ባለቤቴ ነጭ ሽንኩርት የምትወቅጥበትን የድንጋይ ሙቀጫ ጫንኩበት። ሦስት ሳምንት እንዲህ ከረምን።

ረቡዕ ረቡዕ ከሰዓት እኛ ቤት የጸሎት ኅብረት አለ። በሦስተኛው ረቡዕ አንዲት እህት እጇን ልትታጠብ ሻወር ቤት ገባችና «በኢየሱስ ስም!» ብላ ጮኸች። ሁሉም ተግተልትሎ ገባ። የኅብረቱ ሽማግሌ ቀይ ውሃ ውስጥ፣ ድንጋይ ተጭኖበት የተኛውን እንጨት አይተው ፊታቸው ተለዋወጠ። ባደጉበት አገር ቅቤ የሚቀባ አድባር ነበር።

«ወንድሜ፣ ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ጋሼ፣ ለዓሣ እኮ ነው።»

«ለዓሣ!» አሉና ራሳቸውን ነቀነቁ። ጸሎቱ ተጀመረ። እንጨቱ በእሳት ስም፣ በደም ስም፣ ውጣ፣ ልቀቅ እየተባለ ሲገሠጽ እኔም ከሁሉም ጋር እጄን ዘረጋሁ። ልመናዬ ግን ሌላ ነበር፤ ጌታ ሆይ፣ አስምጠው እል ነበር። ሲጨርሱ ሽማግሌው ሙቀጫውን አስነሱ። እንጨቱ ንቅንቅ አላለም፤ ሰምጦ ሳፋው ውስጥ ቀረ።

«ተሸነፈ!» አሉ። ሃሌሉያ ቤቱን ሞላው። ውሃ ስለጠጣ ነው ብዬ ላስረዳ አስቤ ተውኩት፤ እኔም የጸለይኩበት ጉዳይ ነው። ሽማግሌው ግን ቀጥለው «አሁን ይቃጠል» ሲሉ ደሜ ፈላ። እንጨቱን ከነውሃው አቀፍኩና «አይቃጠልም!» ብዬ ጮህኩ። ስለ ሟቾቹ አምስት፣ ስለ ተረፈችው አንድ፣ በስልክ ስለዋሸሁት ውሸት ሁሉንም ዘረገፍኩ። ከዚያ እንጨቱን ትተው እኔን መገሠጽ ጀመሩ፤ የእኔው ከእንጨቱ ረዘመ። በመጨረሻም ሽማግሌው ሚስቴ ስትመጣ ከመቀመጧ በፊት እውነቱን እንድነግራት አዘዙኝ።

ማታውኑ እንጨቱን አኳሪየሙ ውስጥ አስገባሁት። ያቺ ጢማም መስታወቱን ለቀቀችና ሄዳ ተለጠፈችበት። ሆዷ ሲሞላ ዓይኔ እያየ ነው።

ባለቤቴ ቅዳሜ ጠዋት ገባች። ጥቁር ለብሳለች፤ ከስታለች። ኮቷን ሳታወልቅ አኳሪየሙ ፊት ቆመች።

«አንድ የምነግርሽ ነገር አለ» አልኳት።

«አምስቱ መሞታቸውን ነው? አውቃለሁ። በቪዲዮ ስታወራኝ ከጀርባህ ይታያል እኮ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

«እዚያ የሚመጣው ሰው ሁሉ እማዬ መሞቷን ነው የሚነግረኝ» አለች። «ሁሉም ደህና ናቸው የምትለኝ አንተ ብቻ ነበርክ።»

ከዚያ ምንጣፉ ላይ ተቀምጣ አለቀሰች።